ስም ያልተጠቀሰበት ጸሎት

ችግር የሌለው ሰው እንደሚያፍር ያወቅሁት የማክሰኞን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ስድስት ሆነን እናጠናለን። መሪያችን ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ጥቅስ በማስመሪያ ሳያሰምሩ አያልፉም፤ መስመሩ ትንሽ ከተንሻፈፈ በላጲስ አጥፍተው እንደገና ያሰምራሉ። ከሥራ ስንወጣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እሳቸው ሳሎን እንሰበሰባለን። አንድ ምዕራፍ እናነባለን፣ እንወያያለን፣ መጨረሻ ላይ ባለቤታቸው ማስታወሻቸውን ይከፍቱና "እሺ፣ የጸሎት ርዕስ?" ይላሉ።

የእኔ ጣጣ እዚያ ላይ ነው። አንዱን ልጁ አልታዘዝ ብሎታል፤ አንዷ ከባሏ ጋር መኝታ ለይታለች። ሁሉም የሚያለቅስበት አለው፣ አልቅሶም ይታቀፋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የሚያስለቅሰኝ ባል የለኝ፣ የሚያኮርፈኝ ልጅ የለኝ። ተራዬ ሲደርስ "ክር በመርፌ ሳስገባ ዓይኔ እያስቸገረኝ ነው፤ ጸልዩልኝ" እላለሁ። ባለቤታቸው "መነጽር ትግዛ" ብለው ሊጽፉ ምንም አልቀራቸውም።

አንድ ማክሰኞ ጋሼ እስከ በር ሸኙኝና "እህቴ፣ አንቺ ገና አልተከፈትሽም። ያልተከፈተ ሰው ደግሞ አያድግም" አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ይቺ ነገር ስትከነክነኝ ሰነበተች። ሁለት ሱሪ ያለ ልኩ አሳጠርኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ማደግ አማረኝ።

ለታይታ ብቻ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ። ቃሉን እወደዋለሁ። ብቻዬን ሳነበው የማይገባኝ ነገር እዚያ ሶፋ ላይ፣ ከእነዚያ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ሲገባኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከእነሱ እንዳልጎድል ፈለግሁ።

አብራኝ የምትኖር ታናሽ እህት አለችኝ። እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። የሚጥል በሽታ አለባት። መድኃኒቷን ስለማታቋርጥ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጥሏት አያውቅም። ይህን የምናውቀው እሷ፣ እኔና ሐኪሟ ብቻ ነበርን። "እትዬ፣ ትምህርት ቤት ከተሰማ አለቀልኝ" ብላ አስምላኛለች። ኪኒኗን ስትውጥ ውኃ የማቀብላት እኔ ነበርኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ያጠናነው ስለ ምላስ የሚናገረውን ምዕራፍ ነው። አልቀልድም። ሦስት ጥቅስ በማስመሪያ አሰመርኩ፣ ጋሼም "ቀጥ ያለ መስመር!" ብለው አመሰገኑኝ። ከዚያ ባለቤታቸው "የጸሎት ርዕስ?" አሉ።

"እህቴ ታማለች" አልኩ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! በሽታዋን፣ ኪኒኗን፣ የምታስተምርበትን፣ ምን ያህል እንደምትፈራ፣ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። እንባዬ መጣ፤ የምር እንባ ነው። የአምስት ሰው እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ጋሼ "ዛሬ አደግሽ" አሉኝ። ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም።

የጥናታችን የጸሎት ርዕስ ግን እኛው ዘንድ አይቀርም። ባለቤታቸው ይጽፉና የጸሎት ሰንሰለት በሚሉት የስልክ መልእክት ይልኩታል፤ አንዱ ለአምስት፣ አምስቱም እያንዳንዳቸው ለአምስት ያስተላልፋሉ። ለእኔም ደረሰኝ። "አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት በሚጥል መንፈስ ትሠቃያለች። ከልብስ ሰፊ እህቷ ጋር ትኖራለች። ለጸሎት ብቻ" ይላል። በሽታው በአንድ ቀን መንፈስ ሆኖ አረፈው። ቢሆንም "ምእመን ነው የሚያነበው" ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዓርብ እህቴ በምሳ ሰዓት ቤት መጣች። አንድ ካርቶን ታቅፋለች፤ ውስጡ ባለቀለም ጠመኔ፣ ሸራ ጫማዋና ሕፃናቱ የሳሉላት ሥዕል ነበር።

"እትዬ፣ ለማን ነገርሽ?"

"ለ... ለጸሎት ነው" አልኩ።

"አንዷ እናት ስልኳን አሳየችኝ። ልጇን ከእቅፌ ነጥቃ 'እንዳትነኪብኝ' አለችኝ። ዓመት ሙሉ የጫማዋን ክር ያሰርኩላትን ልጅ! ርዕሰ መምህሯም 'ሕፃናት ላይ ብትወድቂስ?' አለች። አለቀ በቃ።"

"እኔ እኮ እንድትድኝልኝ ብዬ..."

"መድኃኒት ነበረኝ እኮ እትዬ" አለችኝ። ብትጮህብኝ በወደድኩ ነበር።

ያንኑ ቀን ከሰዓት እየሮጥኩ ጋሼ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው ከልባቸው ተቀየሙኝ። "ስሟን እኮ አልጻፍኩም!" አሉኝ። ስሟን ብቻ ነበር ያልጻፉት። ቆሽቴ አረረ፤ ግን ምን አፍ አለኝ? የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ውኃዋን ራሷ ትቀዳለች። ኪኒኗን ጓዳ ካለው መደርደሪያ አንሥታ ወደ መኝታ ቤቷ ወሰደች፣ በሯንም ከውስጥ ትቆልፋለች። ብትወድቅ ማን ይደርስላታል? የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ መተንፈሷን የማዳምጥ ሆንኩ። ስትሰማኝ "ሂጂ" ትለኛለች።

ወደ ጥናቱ የተመለስኩት በሦስተኛው ማክሰኞ ነው። ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ተራዬ ሲደርስ ግን ቁጣው ወደ ራሴ ዞረብኝ። "እህቴን አሳልፌ ሰጠኋት" አልኳቸው። "እናንተ ፊት የማወራው ስላጣሁ የእሷን አወራሁ። ከሥራዋ ወጣች። አሁን በሯን ትቆልፍብኛለች፤ ውኃ እንኳ ከእጄ አትቀበልም። ስለ ምላስ እያጠናን እኮ ነው ይህን ያደረግነው፣ እናንተም እኔም።"

የሚያፍሩ መሰለኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና "አያችሁ? እድገት ማለት ይኼ ነው! አሁን ገና አደግሽ፣ እህቴ" አሉ። "አሜን!" ተባለ። እጆቹ እንደገና ትከሻዬ ላይ አረፉ። እሑድ በጉባኤው ፊት ወጥቼ እንድመሰክር ጠየቁኝ። ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጽፉ ነበር።

"አይጻፍ" ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። "አደግሽ" ስባል ግን ደስ አለኝ። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ደስ አለኝና ዝም አልኩ።

ቤት ስገባ የኪኒኗ ሰዓት ደርሶ ነበር። ምናልባት ዛሬ ትቀበለኝ ይሆናል ብዬ በብርጭቆ ውኃ ቀዳሁና በሯን አንኳኳሁ።

"እትዬ" አለች ከውስጥ። እንዲህ ብላ በደኅና ከጠራችኝ ቆይታ ነበር።

"ወዬ!"

"አብራኝ ታስተምር የነበረችው ልጅ አሁን አንድ መልእክት ላከችልኝ። ላንብብልሽ? 'አንዲት ከሥራዋ የወጣች እህት በሯን ከውስጥ ቆልፋ ውኃ እንኳ አልቀበልም ብላለች። ልቧ እንዲከፈት። ለጸሎት ብቻ።' ስም የለውም። እኔ ነኝ እንዴ?"

"ስምሽን እኮ..." ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት። ምላሴን ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ብርጭቆውን በሩ ሥር አስቀመጥኩት። ጠዋት ስነሣ ውኃው እንዳለ ነበር።