ከሰው ዓይን የተደበቀው ቦራ

ባሌ ይሄነው በፈረስ አብዷል ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፈረሱን ቦራን ከተወለደ ጀምሮ ለሰው አላሳየውም። "ዓይን ይበላዋል" እያለ ጓሮ ውስጥ አሳደገው። ኮርቻ ያስለመደውም እዚያው አጥር ውስጥ እያዞረ ነው። የገዛ ወንድሙ እንኳ ሊያየው ቢመጣ ከደጅ መለሰው። ፈረስ እንደ አራስ ይደበቃል እንዴ!

"ሰው ያላየ ፈረስ ይደነግጣል፤ ገበያ እንኳ ወስደህ አለማምደው" አልኩት።

"አንቺ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ? ለጥር ሃያ ሦስት የፈረሰኞች በዓል ሳወጣው የቆሰበር ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል" አለኝ።

በዓሉ ደረሰ። ቦራ ቀይ ግላስ ለብሶ፣ ይሄነው ተቀምጦበት ሲወጣ፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኮራሁ። ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ እልልታ፣ ያ የሞንታርቦ ጩኸት! ቦራ ጆሮውን ለጥፎ ይንቀጠቀጥ ጀመር። "ውረድ!" ብዬ ጮህኩ፤ ማን ሰምቶኝ። አንዷ ፎቶ ላንሳ ብላ ሞባይሏን ፊቱ ላይ ስትደግን በኋላ እግሮቹ ቆመና ፈረጠጠ።

ወደ አስፋልቱ! ይሄነው አንገቱ ላይ ተለጥፏል፤ ልጓሙ ከእጁ ወጥቷል። ከፊታቸው ባጃጁ፣ አይሱዙው ይተራመሳል። "ጊዮርጊስ ድረስ! ባሌን አደራ!" እያልኩ ሮጥኩ። ጫማዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። ወዲያው የጎማ ሲጥታ ሰማሁ። በቃ ሞተብኝ አልኩ።

ስደርስ አንድ ሚኒባስ መንገዱ መሀል ቆሟል። ከሥሩ ሰው የለም። ሾፌሩ አመድ መስሎ "በአፍንጫዬ ሥር ነው ያለፉት" ብሎ ወደ ሰፈራችን ጠቆመኝ።

ቦራ ሌላ የት ያውቃል? ደጃችን ላይ አገኘኋቸው። ፈረሱ አረፋ ደፍቆ ቆሟል፤ ይሄነው ኮርቻው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ስድቤን አዘጋጅቼ ነበር የደረስኩት።

"አንተ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ስሜነሽ፣ አውርጂኝ፤ እግሬ እምቢ አለኝ" አለኝ፣ በማላውቀው ድምፅ።

አቅፌ ሳወርደው ገላው ይንዘፈዘፋል። ነጭ ሱሪው ከጭኑ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ ላብ አይደለም። እንባዬ መጣ። ሰው ከኋላችን እየተንጋጋ ሲመጣ ሰማሁ። ነጠላዬን አውልቄ ወገቡ ላይ አሸረጥኩለትና ገፍቼ ቤት አስገባሁት። እኔ ውጭ ቀርቼ በሩን በጀርባዬ ዘጋሁ።

"የታል? ተጎዳ እንዴ?" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

"እሱ ደህና ነው" አልኳቸው፤ "ይልቅ ኑ፣ ፈረሱን እዩት። እስክትጠግቡ እዩት።"