ያልተናፈሰው ጉድጓድ

የሽቦ እናት ከአማቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር አንድ ቀን እንኳ «እሺ» ብላ አታውቅም። አማቷ ቀኝ ካሉ እሷ ግራ ናት። አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ያጭዳሉ፣ አብረው ይነታረካሉ። ሽቦ የአንዷ ልጅ፣ የሌላዋ የልጅ ልጅ ናት፤ ስሙ ከቅጥነቷ የተነሳ ወጣላት። በእህል ጉድጓዱ ጠባብ አፍ የምታልፈው እሷ ብቻ ስለሆነች እህል ማውጣት የእሷ ሥራ ነው።

አንድ ጠዋት የጉድጓዱን ክዳን እንዳነሱት አማቷ፣ «ልጅቷ ዛሬ አትግባ። አየሩ ታምቋል፤ ተከፍቶ ይደር» አሉ።

«ዝናቡ መጣሁ መጣሁ እያለ? ውሃ ሲገባበት እርስዎ ሊቀዱት ነው?»

አማቷ ከንፈራቸውን አጣመው ወደ በረት ሄዱ። እናትየዋ ገመዱን በልጇ ብብት ሥር አስራ ቁልቁል ለቀቀቻት።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ። እማዬ፣ ይሸታል።»

«አፍንጫሽን ያዢና ቶሎ ቶሎ በይ!»

ከዚያ ምንም። ጠራቻት። ደግማ ጠራቻት። ገመዱን ሳብ ስታደርገው ከበዳት፤ ከታች የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«እማማ! ይድረሱልኝ!»

አማቷ እየሮጡ መጡ። ጭንቅላቷን ጉድጓዱ ውስጥ የከተተችውን ምራታቸውን በቀሚሷ ጎትተው፣ «አንቺም ልትወድቂብኝ ነው? ሳቢ!» አሏት። ሁለቱም ሳቡ። የልጅቷ ትከሻ ጠባቡ አፍ ላይ ሲደርስ ተወተፈ። እናትየዋ ትንፋሿን ይዛ በሆዷ ተኛችና እጇን ሰደደች፤ የነካችው ጸጉር ነው። ተናገሪልኝ የኔ እናት፣ አንድ ቃል ብቻ፣ እያለች በልቧ ትለምናለች። እንደ ምንም ብብቷን ይዛ አወጣቻት።

የሽቦ ከንፈር ጠቁሯል። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ ባለ ወፍጮው፣ ገና ከበር ላይ ሆኖ፣ «ሳይናፈስ ማነው ያስገባት? የትኛዋ ጨካኝ ናት?» ብሎ ጮኸ።

እናትየዋ አቀርቅራ ገመዱን ከልጇ ብብት ትፈታ ጀመር።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቷ፣ የልጅቷን ደረት እያሹ። «ምን ላድርግ፣ አርጅቻለሁ።»

የስድብ መዓት ወረደባቸው። ቀና አላሉም። እናትየዋ አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ ስትል ሽቦን ሳል አጣደፋት። ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አየች፣ አያቷን አየች፣ ስድቡን ሰማች።

«እማማ እኮ አይደሉም...» ብላ ጀመረች።

የእናትየዋ እጅ ሳታዘው የልጇ አፍ ላይ አረፈ። «ዝም በይ የኔ ልጅ፣ እንዳይደክምሽ» አለች። ልጅቷ ከእጇ ሥር አየር ፍለጋ ትታገላለች። እናትየዋ እያየች እጇን ማንሳት አቃታት። ራሷን ፈራች።

አማቷ ጎንበስ ብለው የምራታቸውን ጣቶች አንድ በአንድ ከልጅቷ አፍ ላይ አላቀቁ።