ቅድሚያ ለላዳዋ

አዋላጇ ብርቅነሽ በጉለሌ ዋና መንገድ ቮልስዋገኗን እየነዳች ስትሄድ፣ ከቀጨኔ ቅያስ ተወርውራ የወጣች የካድሬ ላዳ ጎኗን ገጨቻት። ትራፊክ ፖሊሱ መጀመሪያ ለካድሬው ሰላምታ ሰጠ። ቀጥሎ ብርቅነሽን ቅድሚያ ባለመስጠት ከሰሳት።

ቅጣቱን አልቀበልም ብላ ፍርድ ቤት ቀረበች።

«ጓድ ዳኛ፣ ዋናው መንገድ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። እባክዎ ቦታውን ይዩልኝ» አለች።

ዳኛው ቅን ሰው ነበሩና በራሳቸው ፊያት ይዘዋት ሄዱ።

«ይሄማ ምን ያከራክራል? ቅድሚያው የእርስዎ ነው» እያሉ ቅያሱ ጋ ሲደርሱ፣ ያችው ላዳ ብቅ ብላ የፊያቷን በር ጨፈለቀችው። ያው ፖሊስ እየሮጠ መጣ፤ ለካድሬው ሰላምታ ሰጠና ወደ ዳኛው ዞረ።

«ጓድ፣ ቅድሚያ አልሰጡም!»

ዳኛው ካድሬውን አዩ፤ የካድሬውን ሽጉጥም አዩ።

«እውነትህን ነው፣ አልሰጠሁም» አሉ።

ብርቅነሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። በማግስቱ ግን ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው «ጥፋተኛ ነዎት» ብለው ፈረዱባት።

«ይግባኝ ማለት እችላለሁ?» አለች በንዴት።

ዳኛው ወደ እሷ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ።

«ይችላሉ። ግን የይግባኙን ዳኛ መንገድ ላይ እንዳያወጧቸው፤ ሽማግሌ ናቸው።»