የሚበልጠውን አክብቡ

«እማ፣ የቤት ኪራዩ ሲቀነስ ስንት ይተርፈኛል?»

ፍሬዓለም ይህን የጠየቀችው እናቷን ማናለብሽን ነው። ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ በሒሳብ የሚያታልላት የለም፤ ኪራይ ግን በዕድሜዋ ከፍላ አታውቅም። ከባሏ የቀረላት ቤት አላት።

ልጅቱ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ አግኝታ ነበር። ደመወዙን በወረቀት ጽፋ እናቷ ፊት አኖረችው፦ ቆቦ፣ የገበሬዎች ማኅበር፣ 9,000፤ አዲስ አበባ፣ አንድ አስመጪ ዘንድ፣ 14,000።

ማናለብሽ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሦስት ወሯ ነው። የዚያ ሳምንት የቤት ሥራ «የሚበልጠውን ቁጥር አክብቡ» የሚል ነበር። እስክሪብቶዋን አነሳችና 14,000ን አከበበችው።

«ይኸው! ማንም ሳይነግረኝ አነበብኩት።»

«እሱማ ይበልጣል፣ እማ...»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? አብሽሪ ልጄ፣ ሂጂ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ።»

ፍሬዓለም ወረቀቱን አጠፈችው። ልጅቱ ሒሳቡ ጠፍቷት እንዳልጠየቀች፣ «ቅሪ» የሚላት ፈልጋ እንደነበር ማናለብሽ የገባት ዘግይቶ ነው።

ከፋሲካ በኋላ መምህር ካሳው መቀነስ ማስተማር ጀመረ። ማናለብሽ ደብተሯ ላይ 14,000 ጻፈች። ከሥሩ ልጇ ከአዲስ አበባ በስልክ የነገረቻትን ደረደረች፦ ኪራይ 6,500፣ ምግብ 5,000፣ ታክሲ 2,000።

«እትዬ ማናለብሽ፣ እኛ ገና ሃያ ላይ ነን። እርስዎ የት ደረሱ?» አላት ካሳው።

«አዲስ አበባ!» አለች አብራት የምትማረው የሺ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ዜሮው ላይ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ።

«ዜሮ ሲሆን ከጎረቤቱ ይበደራል» አላት ካሳው።

ተበደረች። 500 ቀረ።

ቀጥላ የቆቦውን ጻፈች። ኪራይ የለም። ታክሲ የለም፤ ማኅበሩ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ለምግብ 3,000 ልትቀንስ ጀመረችና ሰረዘችው፤ ማን ነው ልጁን በቤቱ የሚያስከፍል? 9,000ው እንዳለ ቁጭ አለ።

ካሳው ሁለቱንም አይቶ የልክ ምልክት አደረገባቸው። «ጎበዝ፣ እትዬ!» አላት። ማናለብሽ አንገቷን ደፋች።

ደጅ ወጥታ ደወለች። «ፍሬዬ፣ ነይ። ተሳስቼ ነው።»

«የቆቦው ቦታ እኮ ተይዟል፣ እማ። ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ ተበድሬ ከፍያለሁ።»

ቦታውን የያዘችው ከደብረ ማርቆስ የመጣች መሠረት የምትባል ልጅ ናት። ቆቦ የቀረችው እሷ ናት። ፍሬዓለም ሄዳለች።