ድንጋዩ በተወቀረ ማግስት

ድብደባው ሲጀመር ባለወፍጮዋ እጇን እየታጠበች ነበር። ጩኸቱን ስትሰማ ፈገግ አለች። እንዲህ ብሎ ማውራት ደስ አይልም፤ ግን እውነቱ ይሄው ነው። ሌባ ተይዟል ማለት ነው፤ ያስያዘችውም እሷ ናት።

ከግማሽ ሰዓት በፊት ሥጋ ሻጩ አንድ ኩባያ ዱቄት ይዞ እያለከለከ ወፍጮ ቤቷ ገብቶ ነበር። ሥጋ ሻጩ የሰፈሩ ጥበቃዎች አለቃ ነው፤ አንገት የሚባል ነገር ያልተሰጠው፣ ቢላውን ይዞ ሲያወራ ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደኋላ የሚልለት ሰውዬ።

«እትዬ፣ እስቲ ይቺን እዪልን» አላት። «የኛ ናት የውጭ?»

ባለወፍጮዋ ዱቄቱን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው። ሻከራት። ከምላሷ ጫፍ አደረሰችና ቱ! ብላ ተፋችው። ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ያይዋታል፤ እሷም መታየት አትጠላም።

«የኔ ድንጋይ እንዲህ ያለ ነገር ከሚተፋ ጥርሱ ይርገፍ!» አለች። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። «የውጭ ነው። ያውም ከወለል የተጠረገ።»

ሥጋ ሻጩ ሌላ ቃል አልጠበቀም። እሷም ያለችውን መለስ ብላ አላሰበችበትም፤ የቀጣዩን ሰው ጆንያ አንስታ ወፍጮው አፍ ላይ ገለበጠች።

የሰፈሩን ነገር ለማያውቅ ይሄ ሁሉ ለአንድ ኩባያ ዱቄት ነው ወይ ያሰኛል። ከሁለት ዓመት በፊት እህል የሚገኘው ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ብቻ ነበር። ነጋዴው አንድ ክረምት መጋዘኑን ቆለፈና ሰፈሩ ሕፃናቱን ቀበረ። ከዚያ ወዲያ ሰዉ የተዘጋውን የጨርቅ ፋብሪካ አጥር ገንጥሎ ገባ። የግቢውን ሲሚንቶ በዶማ እየነቀለ ስንዴና ድንች ዘራ፣ ወፍጮ ተከለ፣ የጋራ ዳቦ ቤት ከፈተ። የራሳችንን እንበላለን፣ ከእንግዲህ የማንንም ፊት አናይም ተባለ። ነጋዴውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። መጀመሪያ ዱቄት በርካሽ እያሾለከ ሰዉን ከእርሻው ሊነጥል ሞከረ፤ አልሆን ሲለው ጎረምሶች ልኮ የደረሰውን ስንዴ አነደደው። የዚያን ቀን ባለወፍጮዋ የአንዱን ጎረምሳ ግንባር በድንጋይ ፈልጣለች፤ እስከ ዛሬ ሲወራላት ደስ ይላታል። ታናሽ ወንድሟ ግን እሳቱን ሊያጠፋ ሲሮጥ ጉልበቱን በብረት ዘንግ ተመትቶ ወደቀ። ድኖም ያነክሳል።

ሕጉ የወጣው ያኔ ነው። የውጭ ዱቄት ይዞ የተገኘ ሌባ ይባላል፣ ይደበደባል፣ ከሰፈር ይባረራል። ፈራጇ ባለወፍጮዋ ናት፤ የድንጋይዋን ሥራ ከማንም በላይ ታውቃለቻ! ናሙና ሲመጣላት የባለቤቱ ስም እንዳይነገራት የከለከለችውም ራሷ ናት፤ «ለዘመድ ታዳላለች እንዳልባል» ብላ። በዚህም ትኮራ ነበር።

እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ የምትገፋበትን ዱላ ብድግ አድርጋ ወጣች።

ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ሰዉ ክብ ሠርቷል። መሃል ላይ አንድ ሰው ተኮራምቶ ወድቋል፤ ኮቱ ጭንቅላቱ ላይ ተገልብጧል። ይህም የሰፈሩ ዘዴ ነው፤ ጎረቤትን ዓይን ዓይኑን እያዩ መደብደብ ይከብዳልና መጀመሪያ ፊቱን ይሸፍኑታል። ሥጋ ሻጩ በጫማው ጎኑን ይለዋል። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ በዚያ ረጅም የዳቦ ማውጫ እንጨት ጭንቅላቱን። አንዲት ደግ የምትባል ሴትዮ ተጎንብሳ በቡጢ ትመታዋለች። ጆንያው ተቀዶ ዱቄቱ ተበትኗል፤ ከደሙ ጋር እዚያው አስፋልቱ ላይ ቦክቷል።

«ለእትዬ መንገድ ልቀቁ!» አለ አንዱ።

ተለቀቀላት። የተቃጠለው ስንዴ ትዝ አላት፤ የጎረምሶቹ ሳቅ ትዝ አላት፤ ደሟ ፈላ። ዱላዋን በሁለት እጇ አንስታ ከሰውየው ትከሻ ላይ አሳረፈችው። ቋ! አለ። አጥንት መሆኑ እጇ ድረስ ተሰማት። ደግማ አነሳች።

«እታለም» አለ ከኮቱ ስር የታፈነ ድምፅ።

በዚህ ዓለም ላይ እታለም የሚላት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዱላው ከእጇ ወደቀ። ተንበርክካ ኮቱን ገለጠችው። ወንድሟ! ግራ ዓይኑ የነበረበት ቦታ አብጦ ሌላ ነገር ሆኗል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ከአፉ ደምና የጥርስ ስባሪ ይወጣል።

«ካንቺው ነው» አለ። «ካንቺው ወፍጮ ነው አልኳቸው።»

«ሲል ነበር» አለ ሥጋ ሻጩ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «እትዬ ራሷ አይደለም አለች፣ ምን ትዋሻለህ አልነው። ባለ ቁጥር ጨመርንለት። ያንቺ ወንድም ቢሆንም ሕግ ሕግ ነው።»

ባለወፍጮዋ ወደ ተቀደደው ጆንያ ዞረች። እፍኝ ዘገነች። ጥቁር ጥቁር የድንጋይ ፍርፋሪ፣ ገለባ፣ ከራሷ መጥረጊያ የተነቀለ ጭራሮ። የራሷን ጥራጊ አወቀችው።

ትናንት ሰኞ ድንጋይዋን ወቅራ ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ፊቱ ሲለሰልስ በመዶሻ ይወቀራል፤ ከተወቀረ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ዱቄቱ ሻካራ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ፍጭትማ ድንጋይ ስላለበት ሰው አይበላውም። እሷም ጠርጋ፣ በጆንያ ከታ፣ ለዶሮ ይሆናል ብላ ከጓሮ በር ጀርባ ጥላው ነበር። ዛሬ ጣቶቿ የፈለጉት የለመዱትን ልም ዱቄት ነው። ድንጋዩን ያን ያህል እያወቀችው፣ የተወቀረ ሰሞን ዱቄቱ እንደ ወትሮው እንደማይሆን ረሳችው።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለችው እያለቀሰች። «የዶሮ ምግብ ነው እኮ! አንተ ምን ሆነህ ነው የዶሮ ምግብ...»

«ድርሻ ካቆሙብኝ ሦስት ወር ሆነኝ። ሥራ ስላልገባሁ» አለ። «ላንቺ መንገሩ አሳፈረኝ።»

ድርሻ በሥራ ቀን ነው የሚሰፈረው። ጉልበቱ ለሰፈሩ ስንዴ የተሰበረ ሰው በዶማ ሊቆፍር አይችልም፤ ሊቆፍር ስላልቻለ ደግሞ አይሰፈርለትም። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር፤ አንድ ሰሞን ዳቦ ልካለት ከዚያ ወረፋውና ሞተሩ አስረሷት። ስም የማይነገራት ፍርድ ቀላል ነበር። የራሷ ወንድም ስም እንኳ የማይነገራት ሴት ሆና ነበርና።

«የኔ ነው!» ብላ ጮኸች። «ዱቄቱ የኔ...»

የሰፈሩ ሰብሳቢ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ይዞ ጆሮዋ ስር ተጠጋ። የፋብሪካው የፈረቃ አለቃ የነበረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። እርሻውንም ወፍጮውንም ያሰበው እሱ ነው።

«ዝም በይ፣ ልጄ» አላት። «ሐኪም ቤት እንወስደዋለን፣ እናሳክመዋለን፣ ድርሻውንም እንመልስለታለን። እዚህ ግን አትናገሪ። ባለወፍጮዋ ተሳሳተች ከተባለ ነገ የነጋዴው ዱቄት ሁሉ የኛው ወፍጮ ነው እየተባለ ይገባል። ሕጉ ያልቅለታል። ከርሞ ልጆቻችን ምን ይብሉ?»

አልዋሸም፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ባለወፍጮዋ የሰዉን ፊት አየች። ሁሉም እያለከለከ ከአፏ የሚወጣውን ይጠብቃል። ወንድሜ ሌባ ነው ብትል ሰፈሩ ዛሬ በሰላም ያድራል፤ የእሷም ስም አይነካም። ወንድሟ በአንድ ዓይኑ ያያታል።

«ጋሼ፣ ይልቀቁኝ» አለች። ክንዷን መንጭቃ አስለቀቀችና ተነሳች። «ስሙ! ትናንት ድንጋይ ወቅሬ ነበር። ይሄ ዱቄት የኔው ጥራጊ ነው። ተሳስቼ ነው አይደለም ያልኩት። ይሄ ልጅ ምንም አላጠፋም። ርቦት ነው። እኔም መታሁት፤ በዚህ እጄ መታሁት!»

ዳቦ ጋጋሪው እንጨቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሥጋ ሻጩ የገዛ ጫማውን ደም አቀርቅሮ ያያል። ከዚያ ሰዉ ሁሉ በአንዴ ደግ ሆነ፤ አንዱ ውሃ አምጡ አለ፣ ሌላው የዳቦ ቤቱን በር ነቅሎ ለቃሬዛ አመጣ። ሲመቱ የነበሩት እጆች ወንድሟን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው አነሱት። ነገሩን ላሳጥረውና፣ ወንድሟ አልሞተም፤ ግራ ዓይኑን ግን አልመለሱለትም።

ባለወፍጮዋ ቃሬዛውን ልትከተል ስትል አንዲት ሴት ከፊቷ ቆመች። የባለጋሪው ሚስት ናት። ባለጋሪው ባለፈው ወር፣ እዚሁ ቦታ ላይ፣ ፊቱ ተሸፍኖ ተደብድቦ በሦስተኛው ቀን ሞቷል።

«የባሌን ዱቄት ያየሽ ጊዜስ?» አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ልክ ወረፋዋን እንደምትጠይቅ። «ድንጋዩ መቼ ነበር የተወቀረው?»

ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። አላስታውስም ብትል ማን ያፋጥጣታል? ግን ታስታውሳለች። ሰኞ ወቅራ ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ወረፋተኛ ባለጋሪው ነበር፤ ጋሪውን መንገድ ላይ አቁሞ፣ «እንዳለ ፍጪልኝ፣ ሻካራም ቢሆን ልጆቼ ይበሉታል» ብሎ አስቋት። ከሰዓት በኋላ ስም የሌለው ናሙና መጣላት። አሸት አሸት አድርጋ የውጭ ነው አለች።

«በዋዜማው» አለች። «በዋዜማው ነበር የወቀርኩት። የኔ ዱቄት ነበር።»

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ሥጋ ሻጩ ሸሸ፤ ያ ግዙፍ ሰውዬ እየተደነቃቀፈ በሰዉ መሃል ሸሸ። ባለወፍጮዋ ጥፊ ጠበቀች፤ ቢቻል ዱላ፤ ቢመቷት ደስ ባላት። ሴትየዋ አልነካቻትም።

«ልጆቼን የሌባ ልጆች እያሉ ነው የሚደበድቧቸው» አለች። «አሁን ትመጪና አባታችሁ ሌባ አልነበረም ትያቸዋለሽ። በራስሽ አፍ።»

«እመጣለሁ፣ ምነው እኔ በሞትኩት! መጀመሪያ ወንድሜን ሐኪም ቤት ላድርሰው።»

«የኔን ማን አደረሰው?»

ቃሬዛው መንገዱ ጫፍ ደርሷል፤ የወንድሟ እጅ በጎን ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ባለወፍጮዋ አንዴ አየችውና ሴትየዋን ተከትላ በሌላው መንገድ ሄደች። እጇ ላይ ደሙና ዱቄቱ ደርቋል። ቤቱ ሲደርሱ ትንሿ ልጅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ባለወፍጮዋን እንዳየቻት እንደምትመታ ሁሉ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ከልላ ኩርምት አለች።