ትንሿ እምቢ ያለችው ጉድጓድ

ትንሿ ውሻ አፍንጫዋን ወደ ጉድጓዱ አፍ አስጠጋች፤ አንዴ አሸተተች፤ ከዚያም ምንም እንዳላየች ሁሉ ፊቷን አዙራ መንገዷን ቀጠለች።

"ይኸው ደግሞ!" አለ ባርቶሎ፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። "ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጉድጓድ አልጣማትም። ጥንቸል ነው የምትመርጠው ወይስ ባል?"

"ባዶ ከሆነ ምን ታድርግ፣ አበልጄ?" አለ ፕላቺዶ።

"ባዶ? ና እስቲ ይህን እይ።" ባርቶሎ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ተንበረከከና ከጉድጓዱ አፍ ላይ የጥንቸል በጠጥ አንስቶ በሁለት ጣቱ አሸው። "ለስላሳ ነው። የዛሬ ነው። ውሻህ አፍንጫ ባይኖራት እኔ ዓይን አለኝ።"

ፕላቺዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ሽማግሌው እውነቱን ነው። በጠጡ ትኩስ ነበር፤ በጥቁሩ ድንጋይ ዙሪያም ብዙ ተበትኗል። ጎንበስ ባለበት ከጉድጓዱ የሚወጣው አየር ጉንጩን ሞቅ አደረገው። በኅዳር ብርድ ደስ የሚል ሙቀት ነበርና ምንም ሳያስብበት ቀና አለ።

ከቢያንካቪላ ከተማ በላይ ያለው አገር እንዲህ ነው፤ ተራራዋ በየዘመኑ የተፋችው እሳት ቀዝቅዞ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ተነጥፏል፤ በስንጥቁ ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ከቁጥቋጦው ሥር ጥንቸል ይኖራል። በዚህ ድንጋይ ላይ መቆፈሪያ አይሠራም፤ ጠመንጃም ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅሙት ውሻና ፉሬቶ ናቸው። ፉሬቶ ሙጭልጭላ የምትመስል፣ ገላዋ እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ ትንሽ አውሬ ናት፤ ጥንቸሉን እንዳትነክስ አፏ በክር ታስሮ ጉድጓድ ትገባለች፣ ጥንቸሉም ደንግጦ ወደ ተዘረጋው መረብ ይወጣል። በየትኛው ጉድጓድ ጥንቸል እንዳለ የምትናገረው ግን ውሻዋ ናት። ስለዚህ በዚያ አገር ፉሬቶ ያለው ሰው ውሻ ካለው ሰው ጋር መዛመድ ግዴታው ነው። ባርቶሎ የፕላቺዶን ልጅ ክርስትና ባነሳ ጊዜ የገዛ ሚስቱ ቬኔራ፣ "ለሕፃኗ ብሎ መሰላችሁ? ለውሻይቱ ብሎ ነው" ብላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰው አስቃ ነበር።

ያን ጊዜ የነበረችው ውሻ ሳኤታ ትባል ነበር። ሳኤታ በፀደይ ሞተች፤ ባርቶሎም ለገዛ ወንድሙ ያላለቀሰውን አለቀሰላት። ትንሿ የእሷ ልጅ ናት። ያንኑ ቀይ ጠጉር፣ ያንኑ የቆመ ረጅም ጆሮ ወርሳለች። ከእናቷ ያልወረሰችው አንድ ነገር ነበር። ሳኤታ ጥንቸል ያለበት ጉድጓድ ስታገኝ የፊት እግሯን አንስታ፣ ጭራዋን አድርቃ፣ ወደ ጌታዋ ዞራ ታይ ነበር። ትንሿ ግን እስካሁን እግሯን አንስታ አታውቅም። እምቢ ብቻ ነው የምትለው።

"የዛሬን እናያለን" ብሎ ነበር ባርቶሎ ወደ ተራራው ሲወጡ። "ዛሬ ካልሆነላት ፉሬቶዬን ፋሪናን ከእሷ ጋር ሁለተኛ አላወጣም። አድራኖ የሚኖረው ሰውዬ የሠለጠነ ውሻ አለው፤ በእሷ ይለውጥልሃል።"

"እሱ እኮ ብርቱካን እርሻው በር ላይ ነው የሚያስራት።"

"ታዲያ ትጠብቃለቻ! መጮህ ያቅታታል?"

ፕላቺዶ ያንን በር ያውቀዋል። የልጆች አውቶቡስ እየነዳ በየቀኑ ያልፍበታል። ሰንሰለቱ መሬቱን ክብ አድርጎ አራቁቶታል።

አሁን ባርቶሎ የእንጨት ሳጥኑን ከትከሻው አውርዶ ክዳኑን ከፈተ። ፋሪና ነጭ ራሷን አወጣች። ባርቶሎ ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበርና በዱቄት ስም ነው የጠራት። አፏን በክር አሰረ፤ አንገቷ ላይ የታሰረውን ትንሽ ቃጭል አየት አደረገና እንደ ወትሮው ግንባሯን ሳማት።

"አበልጄ" አለ ፕላቺዶ፣ "ውሻዋ እኮ የለም ብላለች።"

"ውሻዋ ገና አፏን አልፈታችም።"

ውሻ እምቢ ባለችበት ፉሬቶ አይገባም። ይህን ሕግ ፕላቺዶ ከአባቱ፣ ባርቶሎም ከአባቱ ሰምተውታል። ሆኖም በጠጡ ዓይናቸው ሥር ነበር፤ ፕላቺዶም በልቡ ውሻዋን ተጠራጠረ። መረቡን ዘረጋ።

ፋሪና ገባች። ቃጭሏ መጀመሪያ ጎላ ብሎ፣ ቀጥሎ ቀጠን ብሎ ተሰማ። ሁለቱ ሰዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ። ጥንቸል ቢኖር ይሄኔ በኋላ እግሩ መሬቱን ሲደበድብ ይሰማ ነበር። የተሰማ ነገር የለም። ቃጭሉ ራቀ፤ ከዚያም ጠፋ።

ፀሐይ ከቁጥቋጦው ራስ ላይ ዞር አለች። ባርቶሎ በደረቱ ተኝቶ ፋሪና በምታውቀው መንገድ ከንፈሩን እየመጠጠ ተጣራ። መልስ የለም። እንደገና ተጣራ። ከዚያ መዳፉን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዘርግቶ ቆየ።

"ፕላቺዶ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይተነፍሳል።"

ፕላቺዶ ጉንጩ ላይ የተሰማው ሙቀት ትዝ አለው።

"ጉድጓድ አይደለም" አለ ሽማግሌው። "ጉሮሮ ነው።"

ሁለቱም ከልጅነታቸው ያውቁት ነበር። እሳቱ ድሮ ሲወርድ ላዩ ቀዝቅዞ ይደርቃል፤ ውስጥ ውስጡን ግን እንደ ወንዝ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ ፈስሶ ሲያልቅ ባዶ ዋሻ ይተዋል። በብርድ ጊዜ ያ ዋሻ በላይኛው አፉ ሞቅ ያለ አየር ይተነፍሳል። ጥንቸሎች ማለዳ መጥተው አፉ ላይ ይሞቃሉ፤ በጠጣቸውንም ጥለው ይሄዳሉ። ውስጡ ግን አይኖሩም። ማንም እዚያ ውስጥ አይኖርም። ትንሿ የተናገረችው ይህንኑ ነበር።

"አፏ ታስሯል" አለ ባርቶሎ። "አትበላ፣ አትጠጣ። እኔ ነኝ ያሰርኳት።"

"ትመለሳለች፣ አበልጄ።"

"ከየት? ይሄ እኮ መጨረሻ የለውም! እስከ ባሕር ቢሄድስ?"

ሽማግሌው ሹራቡን በራሱ በኩል አውልቆ ሳጥኑ ውስጥ አነጠፈና ሳጥኑን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጠው። ፉሬቶ ስትቀር የሚደረገው ይኸው ነው፤ የጌታዋን ሽታ ይዞ ሳጥኑ ያድራል፤ ጠዋት ሲመጡ ውስጡ ተኝታ ትገኛለች። ግን ይህ የሚሠራው መጨረሻ ባለው ጉድጓድ ነው። ባርቶሎ በውስጥ ልብስ ብቻ ቀርቶ ብርዱ ያንቀጠቅጠው ጀመር።

በዚህ ጊዜ ትንሿ ጥቂት ራቅ ብላ ከተኛችበት ተነሳች። ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቁልቁል መሄድ ጀመረች።

"ይኸውልህ! ወደ ቤቷ!" አለ ባርቶሎ። "ምሳዋ ደርሶባታል እመቤቲቱ። አፏጭላት፣ እሷም ጠፍታ ሁለት ሐዘን አንቀመጥ።"

ፕላቺዶ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ። አንድ ፉጨት እንደምትበቃ ያውቃል፤ የትም ብትሆን ትመለሳለች። እንዲህ አድርጎ ነው ያሳደጋት።

ግን አካሄዷን አየ። ወደ ቤቱ የሚሄድ ውሻ እንዲህ አይሄድም። ጥቂት ትራመድና ትቆማለች፤ ጆሮዋን ወደ ድንጋዩ ታዘነብላለች፤ ትጠብቃለች፤ ደግሞ ትራመዳለች። ከሽማግሌ ጋር የሚሄድ ሰው እርምጃውን እንደሚመጥነው፣ እሷም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ለመሄድ የምትመጥን ትመስል ነበር።

ጣቶቹን ከአፉ አወጣ።

"አላፏጭም።"

"ምን አልክ?"

"አላፏጭም፣ አበልጄ። እየተከተለቻት ነው።"

"ማንን?"

ፕላቺዶ ወደ መሬት አመለከተ።

ባርቶሎ ወደ ድንጋዩ፣ ከዚያ ወደ ውሻዋ አየ። ሳጥኑን እዚያው ትቶ ተከተለ። ዘወትር ከፊት የሚሄደው እሱ ነበር፤ አሁን ግን በውስጥ ልብሱ፣ በስለታሙ ድንጋይ ላይ እየተደናቀፈ ከፕላቺዶ ኋላ ሆነ። ትንሿ በተጠማዘዘ መንገድ ወሰደቻቸው፤ ለሰው መንገድ በማይሆንበት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ምንም ምልክት በሌለበት ጥቁር ሜዳ ላይ። ፕላቺዶ በመሐል ተንበርክኮ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ ለጠፈ። ቅዝቃዜ ብቻ። ትንሽ ሄዶ ደገመ። አሁንም ቅዝቃዜ ብቻ።

አንድ ጠባብ ስንጥቅ ዘንድ ሲደርሱ ውሻዋ ቆመች። ፕላቺዶ ጆሮውን ስንጥቁ ላይ አደረገ፤ እጁንም ባርቶሎ ዝም እንዲል አነሳ። ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ ሌላ አገር ላይ ያለ ቤተ ክርስቲያን የሚደውል ያህል፣ ቃጭሉ አንዴ ተሰማ።

"ና ስማ" አለ በሹክሹክታ። እርስዎ ማለቱን እንኳ ረስቶት ነበር።

ባርቶሎ ተኛና ሰማ። ሰምቶ አማተበ። ለረጅም ጊዜም አልተነሳም። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ድንጋይ ላይ ሲራመድ ኖሯል፤ ከእግሩ ሥር ይህን ያህል ባዶ፣ ይህን ያህል ጨለማ እንዳለ ግን አንድም ቀን በእግሩ ተሰምቶት አያውቅም። ቀና ሲል ተራራዋ ከበላያቸው ነበረች፤ ራሷ በበረዶ ነጥቶ፣ ጭሷ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እየወጣ። ድሮ የእሳት ወንዝ በሄደበት ዛሬ አንዲት ነጭ ነፍስ በጨለማ ትሄዳለች፤ አንዲት ቀይ ደግሞ ከላይ፣ በብርሃን፣ እየጠበቀቻት። በመካከላቸው የቃጭል ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም ሰው ከስንት አንዴ ነው የሚሰማው።

"ጌታ ሆይ" አለ ባርቶሎ።

ከዚያ ትንሿ ድንገት ራሷን ቀና አደረገች። ጆሮዎቿ ወደፊት ተወጠሩ። ሮጠች።

"ምን ሆነች? ምን ሰማች?"

"አላውቅም! ይምጡ፣ ይምጡ!"

ሮጡ፤ ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ በራሱ ተነሳ። ውሻዋ እሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ተሰወረች። ፕላቺዶ ቁጥቋጦውን በክንዱ ሲገፋው ድንጋዩ ላይ የተጠረቡ ደረጃዎች ቁልቁል ሲወርዱ አየ።

"የበረዶ ሰዎች ዋሻ" አለ ባርቶሎ እያለከለከ። "አያቴ እዚህ ነበር የሚሠራው። ክረምት በረዶውን እዚህ ገለባ አልብሰው ያስቀምጣሉ፤ በበጋ በበቅሎ ወደ ከተማ ያወርዱታል። ሲያወራ እሰማ ነበር። የት እንደሆነ ግን ማንም አላሳየኝም።"

ፕላቺዶ የስልኩን መብራት አበራና ወረዱ። ከዋሻው አፍ ቀዝቃዛ አየር ከኋላቸው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተራራዋ በዚህ በኩል ትስባለች፣ በዚያ በላይ ትተነፍሳለች። መብራቱ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሁለቱም ቆሙ። ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች በጤዛ ጠብታ ተሸፍኖ፣ እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ብር ታበራ ነበር። መብራቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ግድግዳው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ባርቶሎ ቤተ ክርስቲያን የገባ ይመስል ቆቡን አወለቀ።

"ትንሿስ?" አለ ፕላቺዶ፣ ድምፁ ራሱን አስደንግጦት።

በዋሻው መጨረሻ ቆማ ነበር። የፊት እግሯን አንስታ፣ ጭራዋን አድርቃ፣ ወደ እነሱ ዞራ ታያለች።

ባርቶሎ ያንን አቋም ሲያይ እጁን ወደ አፉ ወሰደ።

ከውሻዋ ራስ በላይ፣ በሰው ደረት ልክ፣ ጠባብ ስንጥቅ ነበር። በስንጥቁ ውስጥ ነጭ አፍንጫ ይታያል። ቃጭሉ ድንጋዩ መሐል ተቀርቅሮ በአንገት ማሰሪያዋ ይዟታል፤ ድምፁ የጠፋው ለዚህ ነበር። አሁን የሚሰማው የጥፍሯ ጭረት ብቻ ነው፤ እሱንም አጠገቡ ቆመው ነው የሰሙት። ውሻዋ ግን ከዚያ ከሜዳው ሰምታዋለች።

"ያብሩልኝ እስቲ" አለ ፕላቺዶ ስልኩን አቀብሎ።

"የለም፣ አንተ አብራ። እኔ ነኝ ያስገባኋት።"

ባርቶሎ ወይን የሚገርዝበትን ትንሽ ቢላ አወጣ። ሁለት ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከትቶ፣ በእጁ እየዳሰሰ፣ ማሰሪያውን ቆረጠ። ቃጭሉ ወደ ውስጥ ወድቆ እየተንከባለለ ራቀ። ፋሪና አቧራ ለብሳ ወጣች፤ ባርቶሎ መጀመሪያ የአፏን ክር ፈታላት፤ እሷም በቀጥታ ከውስጥ ልብሱ ሥር ገብታ ሆዱ ላይ ተጠቀለለች።

"ቀዝቃዛ ነሽ፣ አንቺ የሰይጣን ልጅ" አላት። ዓይኑ እርጥብ ነበር። "ቀዝቃዛ ነሽ።"

ትንሿ እግሯን አውርዳ ተቀመጠች፤ ጀርባዋንም በጥርሷ ማከክ ጀመረች።

"እናቷም እንዲህ ነበር የምታነሳው፣ አይደል?" አለ ፕላቺዶ።

ባርቶሎ ውሻዋን አያት።

"እናቷ እዚህ አታደርሰንም ነበር" አለ።

ሳጥኑን ለማምጣት ሽቅብ ተመለሱ። ባርቶሎ ሹራቡን ለብሶ ፋሪናን ሳጥኑ ውስጥ አስተኛት። ፕላቺዶ በልቡ የያዘውን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ሲያገላብጠው ቆይቶ በመጨረሻ አወጣው።

"ለአድራኖው ሰውዬ ምን ልበለው?"

 ባርቶሎ መረቡን መጠቅለሉን ቀጠለ።

ወደ መንደር የሚወስደው መንገድ ዳር፣ በፈረሰ የድንጋይ ካብ ሥር፣ አንድ ጥሩ ጉድጓድ አለ። አፉ በጥንቸል እግር ተልሷል፤ በጠጡ ዙሪያውን ሞልቷል። ትንሿ ከፊት ደረሰችና አፍንጫዋን አስጠጋች። ባርቶሎ ቆመ። ፋሪና ደክማ ተኝታለች፤ ያም ሆኖ የብዙ ዘመን ልማድ ነውና እጁ በራሱ ጊዜ የሳጥኑ ክዳን ላይ አረፈ።

ትንሿ አንዴ አሸተተች፤ ፊቷን አዞረችና መንገዷን ቀጠለች።

ባርቶሎ በጠጡን አየ። ጎንበስ ብሎ አላነሳውም። እንደ ወትሮው ከፊት እንዲያልፍ ፕላቺዶ መንገዱን ለቆለት ቆሞ ነበር።

"ምን አሉ?" አለው ፕላቺዶ፣ ሽማግሌው አንድ ነገር ያጉተመተመ መስሎት።

"እኔ ምን አልኩ? የለም አለች እኮ፤ አልሰማህም?" ባርቶሎ እጁን ከክዳኑ ላይ አነሳና ከውሻዋ ኋላ ኋላ መውረድ ጀመረ።