ሰባተኛው መስመር

ድምፁ እንደተሰማ ዘፋኙ ዞር ብሎ ጊታሪስቱን ገላመጠው። እንዲህ ያለ ሸካራ አጨዋወት፣ አንዱ ክር ታፍኖ ሌላው ብቻውን እየጮኸ፣ ሠላሳ ዓመት በሙያው ከቆየ ሰው አይጠበቅም። ጊታሪስቱ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ ነበር። ድራመሩ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋድሟል። ኪቦርድ ተጫዋቹ ስልኩን ያያል። በዚያች ቅጽበት መድረኩ ላይ መሣሪያ የነካ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ዘፋኙ።

እንደገና መታ። ያው ነው። ከሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ወጥቶ ባዶውን አዳራሽ ዞረና ተመልሶ ጆሮው ውስጥ ገባ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለች አዲሷ የድምፅ ባለሙያ፣ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ድምፆቹን ከሚያደባልቀው ከሚክሰሩ ጠረጴዛ ላይ ቀና ብላ። «የጊታርዎን መስመር፣ ሰባተኛውን፣ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። በፕላስተር ታሽጎ ነበር። አሁን ከፍቼልዎታለሁ። ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«ፕላስተሩ ላይ ‹አይከፈትም› ይላል። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ስሞክረው ግን ምንም አልሆነም።»

መስመሩስ ምንም አልሆነም። ዘፋኙ ነው ክው ያለው። ጓደኞቹን ዞሮ አያቸው፤ አንዳቸውም አላዩትም። ድራመሩ ያልላላ ብሎን ማጥበቅ ጀመረ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ስልኩ ላይ ይበልጥ አቀረቀረ። ሰው እንዲህ ተባብሮ ዓይኑን የሚሰብረው ሁሉም የሚያውቀውን ነገር አንድ ሰው ዘግይቶ ሲደርስበት ነው።

ቡድኑ በዚህ አዳራሽ በየቅዳሜው ከሰዓት፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ይጫወታል። ዘፋኙ ጊታር አንግቦ መዝፈን ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በር ላይ የተለጠፈው ፎቶው ከነጊታሩ ነው። ሰፈሩ ውስጥ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የለም፤ ባለሱቁም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ የጎረቤት ልጆችም «ባለጊታሩ» ነው የሚሉት። እሱም ሲጠሩት አፉን ሞልቶ አቤት ይላል።

እግሩ ስር፣ ፊቷን ወደ እሱ ያዞረች አንዲት ትንሽ ስፒከር አለች። ዘፋኝ መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማው ከእሷ ነው። ከዚያች ስፒከር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርት ያለ፣ የተስተካከለ ጊታር ሲሰማ ኖሯል፤ የራሱ ነው ብሎ። ቤቱ ገብቶ ለብቻው ሲሞክረው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ነው ይል ነበር። ግድግዳው ድምፅ ይውጣል ይል ነበር። አንድ ጊዜማ መጋረጃ አስቀይሯል።

የቀድሞው የድምፅ ባለሙያ፣ ሁሉም «ጆሮ» እያሉ የሚጠሩት፣ ከትርኢቱ በፊት እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ያስመታ ነበር። የዘፋኙ ተራ ሲደርስ ግን እጁን ያወዛውዝና «ያንተን አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ዘፋኙ ይህንን እንደ ክብር ይቆጥረው ነበር። ጆሮ ባለፈው ሳምንት ጡረታ ወጣ። ልጅቷም በመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ ሥራዋን አክብራ፣ ሁሉንም ለየብቻ አስመታች።

ዘፋኙ ጊታሪስቱን ከመጋረጃው ጀርባ ይዞት ገባ።

«ከእግሬ ስር የምሰማው ያንተ ነው?»

ጊታሪስቱ የቀኝ እጁን ጣቶች በግራው አሻሸ። «የኔንም ያንተንም አንድ ላይ ነው የምመታው። ልምድ ሆነብኝ እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጊታር ካነሳህ ጀምሮ።»

በድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ቢኖር ይሻል ነበር፤ ዘፋኙ ለሚያፌዝበት ሰው መልስ አያጣም። እንዲህ በለሆሳስ፣ እንደ በሽተኛ ሲያናግሩት ግን ቆሞ መስማት አልቻለም። ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተና አንግቦ ወጣ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር።

መንገዱን በእግሩ ያዘው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ እጁን አንስቶ «ባለጊታሩ፣ ዛሬ በጠዋት ወዴት ነው?» አለው። ዘፋኙ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈ፤ ከዚያ ደግሞ ሰውየው ምን በደለኝ ብሎ አፈረ። ሚስቱ ትዝ አለችው። ከሞተች ስድስት ዓመት አልፏታል። ማታ ማታ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ከጓዳ ብቅ ትልና «እስቲ አሁን ደግሞ ያለ ጊታር» ትለው ነበር። ድምፁን ስለምትወድ ይመስለው ነበር። ለካ እሷም ታውቅ ኖሯል። አሁን ማንን ይጠይቃል? የእግረኛ መንገዱ ዳር ቆሞ የቦርሳውን ማንገቻ እንደሚያስተካክል ሰው ሆኖ ዓይኑን ጠረገ።

ጆሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያየው የዘፋኙን ፊት ሳይሆን ጀርባው ላይ ያለውን ቦርሳ ነበር።

«ከፈተችው» አለ።

ቴሌቪዥኑ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ጆሮ ዘፋኙን በግራው በኩል አስቀመጠው፤ የቀኙ ጆሮ ጨርሶ ሄዷል። ጡረታ ያወጣውም እሱ ነው፤ ይህንን ከዘፋኙ በቀር ለማንም አልተናገረም።

«ሁሉንም ነገር ጽፌ ሰጥቻታለሁ» አለ ጆሮ። «የትኛው ኬብል እንደሚያስቸግር፣ የቱ ስፒከር ቶሎ እንደሚግል። ያንን ብቻ ረሳሁት። ፕላስተሩ ይበቃል ብዬ።»

«ሰው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ያንን ያህል ዓመት እዚያ ላይ እቆማለሁ?»

«የመጀመሪያውን ሳምንት ልንነግርህ ነበር። ከዚያ አሰብነው። ያለ ጊታር ስትዘፍን እጆችህን የምታስቀምጥበት ይጠፋሃል፤ ኪስህ ትከታቸዋለህ፣ ታወጣቸዋለህ፣ ድምፅህ ይንቀጠቀጣል። ጊታሩን ስትይዝ ግን ድምፅህ ቀጥ አለ። እና ለእጆችህ ሥራ ሰጠናቸው።»

ዘፋኙ እጆቹን አየ። ጣቶቹ ጫፍ ላይ የክር ምልክት አለ፤ ቆዳው ደንድኗል። ያ እንኳ የእውነት ነው።

«ስለዚህ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም» አለ።

«እኔ ሰምቼሃለሁ።»

«መቼ?»

«በየቅዳሜው። ለአዳራሹ የዘጋሁትን መስመር ለማዳመጫዬ ብቻ መክፈት እችላለሁ። መጀመሪያ ጊታርህ ወደ አዳራሹ እንዳያመልጥ ለመከታተል ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት።» ጆሮ የቴሌቪዥኑን ዝም ያለ ምስል ትንሽ አየ። «ድምፅህ ይዋሻል፤ ለሰው ፊት የሠለጠነ ነው። ጊታርህ ግን አይዋሽም። ከየት ችሎበት?»

ዘፋኙ ሳያስበው ሳቀ። ጆሮም ሳቀ።

«ሚስትህ ካረፈች በኋላ መጀመሪያ የመጣህበትን ቅዳሜ ታስታውሳለህ? ሰው ሁሉ ‹እንዴት ጠንካራ ነው› አለ። ድምፅህ እንከን አልነበረውም። እኔ ሰባተኛውን ከፈትኩ። አንድ ክር ብቻ ነበር የምትነካው። ሦስት ዘፈን ሙሉ አንድ ክር። እነሱ ሲያጨበጭቡ እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ አለቀስኩ።»

ዘፋኙ አላስታወሰም። የሚያስታውሰው ከትርኢቱ በኋላ ቤቱ መግባቱን፣ መብራት ሳያበራ አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጡን፣ በዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ ምን ሆንክ ብሎ እንዳልጠየቀው ነው። ሰው ግን ነበረው። አብሮት ነበረ፣ ከሃያ ሜትር ርቀት፣ ማዳመጫ አድርጎ። ይህንን ዛሬ ማወቁ ደስ አሰኘው፤ ለዚያች ምሽት ግን የሚደርስላት አልነበረም።

«ልትነግረኝ አትችልም ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«ብነግርህ መስመሩ መዘጋቱን አብሬ መንገሬ አይደል?»

ጆሮ ምሳ አቅርቦ አብረው በሉ። ሁለቱም ሶፋው ላይ የተጋደመውን ቦርሳ አዩት። ይውጣና ተጫወትልኝ ያለ የለም፤ ልጫወትልህ ያለም የለም። ሲሰነባበቱ ጆሮ በሩ ላይ ይዞት ቆየና «የግራው ጆሮዬም መንገድ ጀምሯል» አለው።

ዘፋኙ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ደረሰ። ሰው መግባት ጀምሯል። ልጅቷ አዲስ ፕላስተር ቆርጣ፣ እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችው።

«ጊታሪስቱ ሰባተኛውን ዝጊው አለኝ። እኔ ግን እርስዎን ሳልጠይቅ አልዘጋም አልኩ።»

ዘፋኙ በደረጃዎቹ ላይ የሚወርዱትን ሰዎች አየ። ክፈቺው ቢል ባለጊታሩ የሚባለው ሰው በአንድ ዘፈን ያልቃል። ጊታሩን ትቶ መድረክ ቢወጣ እጆቹን የሚያስቀምጥበት ያጣል። እንደ ድሮው ቢሆን ደግሞ ያቺ ትንሽ ስፒከር ከእንግዲህ አታታልለውም።

«ለአዳራሹ ዝጊው» አለ። «ከእግሬ ስር ካለችው ግን የጊታሪስቱን አውጪና የኔን አስገቢልኝ።»

«የሱን ላውጣ? ይከብድዎታል እኮ ጋሼ።»

«አውቃለሁ።»

ጻፈችና ለጠፈች። ዘፋኙ አልሄደም። የሚቀጥለውን እንዴት እንደሚናገረው ጠፍቶት የጠረጴዛውን ጫፍ በጣቱ ይነካካ ጀመር። ሺህ ሰው ፊት ሲዘፍን የኖረ ሰው፣ ስማኝ ብሎ የለመነው ሰው ግን አልነበረም።

«አንዳንዴ ሰባተኛውን በማዳመጫሽ ብታዳምጪው።»

«ችግር አለበት እንዴ?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እንዲሁ።»

ልጅቷ አየችው፤ ከዚያ ሚክሰሩን አየች። «እሞክራለሁ። አሥራ ስድስት መስመር ነው ያለኝ ጋሼ።»

አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ ፊቱ ላይ በራ። ከፊት ረድፍ አንድ ሰው «ባለጊታሩ» ብሎ ጠራ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። የመጀመሪያውን ዘፈን ሲጀምር ከእግሩ ስር ያ የጠዋቱ ሸካራ ድምፅ ተነሣ። ሁለት ጊዜ ሳተ። ጣቶቹ ዘግይተው ይደርሳሉ፣ አንዱ ክር ይታፈናል። ድምፁ ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። አዳራሹ የሚሰማው የጊታሪስቱን ጊታር ነው፤ እንደ ሁልጊዜው አማረለት፤ አጨበጨበ።

ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ዘፋኙ የሚያርፍበት፣ ኪቦርዱ ብቻ የሚሄድበት ቦታ አለ። ያኔ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ አዳራሹ ጀርባ ተመለከተ። ልጅቷ ማዳመጫውን አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ አድርጋለች፤ እጇ ቁልፎቹ መካከል ነው። ሰባተኛው ላይ ይሁን ሌላው ላይ ከዚህ አይታይም።

ጣቶቹን ሁሉ ከጊታሩ አንገት ላይ አነሣ። ከዚያ አንዲት ክር ነካ። አንዲት ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅዋ አልቆ እስኪጠፋ ጠበቃት። ከፊት ረድፍ ያሉት ምንም አልሰሙም። ከሚክሰሩ ጠረጴዛ ጀርባ ያለው ጭንቅላት ቀና ያለ መሰለው፤ ወይም መብራቱ ነው።

የሚቀጥለው ስንኝ ሊገባ ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ በዓይኑ ጠራው። ዘፋኙ ወደ ማይክራፎኑ አልተጠጋም። ያችኑ ክር ደግሞ ነካት።